መዳብ አልባሹ ሱዳርማጂ

በኢንዶኔዥያዋ ከተማ ሱራባያ ኮምፒውተር በሚሸጥበት በዚያ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አብዛኞቹ ሱቆች መዝጊያቸውን አውርደው ቀርተዋል። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል ወለሉ ያልበዋል። ሱዳርማጂ ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ መብራቱን ያበራል፣ የመዳብ ቆርቆሮውን በልክ በልኩ ይቆርጣል፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሳል። ደንበኛ መጣም ቀረም።

ሥራው ሜሞሪ ማልበስ ነው። ኮምፒውተራቸውን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ የሚያስሮጡ ሰዎች አሉ፤ ለሜሞሪው ቮልት ይጨምሩለታል፣ ቺፖቹ ይግላሉ፣ ሲግሉ ይሳሳታሉ፣ ሲሳሳቱ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ማጂ በቺፖቹ ጀርባ ላይ ሙቀት የሚያሰራጭ መዳብ ይለጥፍላቸዋል። እንዴት እንደሚሠራ ለጠየቀው ቃል አያበዛም፤ «የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። መዳቡ ለሙቀቱ ሰፊ በር ይከፍትለታል፣ በቃ» ይላል።

ጭንቁ ያለው ከመዳቡ በፊት ነው፤ የፋብሪካውን ስስ የብረት ልባስ ማውለቁ ላይ። ሙጫው ካልሞቀ አይለቅም። ቺፑን ከሰሌዳው ጋር የያዘው ብየዳ ደግሞ ከቀዘቀዘ ሙጫ ይደክማል፤ ሳያሞቅ የሳበ ሰው ልባሱን ከነቺፑ ይነቅላል። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል። ማጂ ሌባ ጣቱን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ይጠብቃል። ጣቱ አልችልም ሲል፣ ያኔ፣ ሳይስብ፣ ጠመም እያደረገ ያላቅቀዋል። ሌሎቹ አልባሾች የሙቀት መለኪያ ሲገዙ ሳቀባቸው። አንድም ቺፕ ነቅሎ አያውቅም ነበር።

ያ ያኔ ነው፤ በዚያ ኮሪደር ለማለፍ ትከሻ መግፋት ግድ በነበረበት ጊዜ። ዛሬ ሜሞሪው ከፋብሪካው ወፍራም ልባስ ለብሶ፣ አልፎ ተርፎ መብራት ተደርጎለት ይመጣል። ማጂም የሚኖረው ገመድና የኮምፒውተር ማውስ እየሸጠ ነው። ሲጠሩት ግን ዛሬም «ካክ ማጂ፣ አልባሹ» ነው የሚሉት፤ ካክ፣ ታላቅ ወንድም እንደማለት። ያቺ ስም ናት የቀረችው።

ሌላም ነገር አለ። ስኳር በሽታ አለበት። ከአምናው ክረምት ጀምሮ የጣቶቹ ጫፍ ጓንት ያጠለቁ ያህል ደነዘዙ። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ነርቭህን ነክቶታል ብላዋለች። ለሚስቱ እርጅና ነው አላት፤ ለገበያው ሰው ደግሞ ምንም አላለም። የሚለበስ ሜሞሪ የሚያመጣ ስለጠፋም ምስጢሩን የሚያወጣ ሥራ አልገጠመውም፣ ቢንታርቶ እስኪመጣ ድረስ።

«ካክ! አለህ እንዴ?»

«ሞቼ ነበር፤ ቀባሪ ባጣ ጊዜ ተመለስኩ።»

ፊት ለፊት የስልክ ሽፋን የምትሸጠው ላስትሪ አንገቷን አወጣች። «ውይ ቢን! ሆድህ እኮ ካንተ ቀድሞ ነው የደረሰው!»

«ምባክዬ፣ እህትዓለም፣ አንቺም ምላስሽ አላረጀም።»

ቢንታርቶ ዛሬ የሸክላ ንጣፍ ነጋዴ ነው። ያኔ ግን በኮምፒውተር ፍጥነት ውድድር ስሙ የገነነ ልጅ ነበር፤ ያሸነፈባቸው ሜሞሪዎች ሁሉ ማጂ ያለበሳቸው ናቸው። ከጨርቅ ፈትቶ ሁለት ሜሞሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ማጂ ወዲያው አወቃቸው። ከአንድ ካርቶን ሙሉ አንድ በአንድ እየፈተኑ አብረው የመረጧቸው፣ መዳብ ግን ሳይለብሱ የቀሩ ጥንድ ናቸው።

«እሑድ የድሮዎቹ ተወዳዳሪዎች ማላንግ ከተማ እንሰበሰባለን። ላስሮጣቸው ብዬ ብሞክር ወዲያው ይግላሉ፣ ይወድቃሉ። የፋብሪካው ሙጫ ደርቆ ልባሱ አንዳንዱን ቺፕ የለቀቀ ይመስለኛል። መዳብህን አድርግልኝ።»

«ቺፑ እኮ መሠራት አቁሟል፣ ቢን።»

«አውቃለሁ። አንዱ ከሞተ ሌላው ብቻውን ምን ያደርግልኛል? ለዚህ አይደል ያመጣሁልህ። ካንተ እጅ በቀር የማንም እጅ አይነካቸውም።»

ማጂ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ሁለተኛም ከፈተ። «ሻይ ጠጣ መጀመሪያ» አለ።

የመጀመሪያውን ያዘ። ማድረቂያው ጮኸ፣ ጣቱን ብረቱ ላይ አሳረፈ፣ ጠበቀ። ምንም። ማድረቂያውን አስጠጋው፤ አሁንም ምንም። የሚመጣውን መቆንጠጥ እንደ ዘገየ አውቶቡስ ጠበቀው፤ አልመጣም። በመጨረሻ በግምት ጠመም አደረገው። ልባሱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀ።

ቢንታርቶ አጨበጨበ። «ይኼ ነው እጅ ማለት!»

ማጂ ጣቱን ያየው ያኔ ነው። ጫፉ ነጥቷል፣ ውሃ ቋጥሯል። በመወልወያው ጨርቅ ሸፈነው። ጣቴ እንዲህ ከበሰለ ቺፖቹስ? ብሎ ደነገጠ። ቺፕ ከሥጋ ይበልጥ ሙቀት እንደሚችል ያውቃል፤ የፈራ እጅ ግን ዕውቀትን አይሰማም። ሁለተኛውን ትንሽ ብቻ አሞቀው። ጠመም ሲያደርገው እንቢ አለ። ጨመር አደረገበት።

ቀጭ አለ።

ልባሱ እጁ ላይ ቀረ፣ ከውስጡም አንድ ጥቁር ቺፕ እንደ መዥገር ተጣብቆ ወጣ።

ከዚያ ቢንታርቶ ቀስ ብሎ፣ «ይበየዳል?» አለ።

ማጂ በማጉያ መነጽር አየው፤ ቶሎ መመለስ ስላልፈለገ እንጂ ሳያየውም ያውቀዋል። «አይበየድም። ብየዳው የሚያርፍባት መዳብ ከሰሌዳው ተገንጥላለች። የሚይዘው ነገር የለም።»

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ቢንታርቶ ጣቱን አየ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ተቃጠለ።»

«መቼ?»

«በፊተኛው።»

«ድምፅ አላሰማህም እኮ።»

«አልሰማኝማ።»

ቢንታርቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምናው ክረምት።»

«ካክ፣ እንዴት አትነግረኝም?»

«ብነግርህ ታመጣልኝ ነበር?»

ቢንታርቶ ሊዋሽለት ፈለገ፤ ፊቱ ላይ ታየ። ግን ማጂ ውሸት እንደማይወድ ያውቃል። «አላመጣም ነበር» አለ።

«እንግዲህ።»

ቢንታርቶ የተረፈውን ሜሞሪ እርቃኑን እንዳለ ባመጣበት ጨርቅ ጠቀለለ። የተነቀለውን አልነካውም። ሲነሳ የማጂን ትከሻ ያዝ አደረገ፤ «እሑድ ናና ከእኛ ጋር የራዎን ወጥ ብላ» አለው፤ ማጂም «እሺ» አለ። እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

ላስትሪ ቢንታርቶ ሳይሰናበታት ሲያልፍ ግራ ገባትና ተሻግራ መጣች። የተነፋውን ጣት ስታይ ጮኸች፣ ሮጣ ከሱቋ የጥርስ ሳሙና አመጣች። እጁን ጎትታ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ በእሱ ፈንታ ከንፈሯን እየነከሰች ቀባችው።

«አይዞህ፣ አይዞህ። በጣም ያማል አይደል?»

«አያምም» አለ ማጂ።

«ጎሽ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አለችና ሳሙናውን ደገመችለት።