ድንቹ ደርሷል

ጎረቤቴ ስቴፋ፣ እግዜር ይጠብቃት፣ እልኸኛ ናት። ሠላሳ ዓመት የመንደራችን ፖስተኛ ሆና በብስክሌት ስትዞር በረዶው ላይ ስንቴ እንደወደቀች የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ «አመመኝ» ብላ አልቀረችም። የማን ልጅ መቼ እንደሚመጣ ከእናትየው ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ዓይናቸው ለደከመ አሮጊቶች ደብዳቤውን በር ላይ ቆማ ታነብላቸውና አብራ ታለቅሳለች። የገዛ ልጇን ግን መቼ ትመጣለህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

«ልጅን መቼ ትመጣለህ ማለት ልመና ነው። እኔ ደግሞ ለማኝ አይደለሁም» ትላለች። እኛ በቋንቋችን «ካዳ አትቫዡሲ?» ነው የምንለው፤ ሁለት ቃል ናት። እሷ ግን ከሁለቱ ቃል ሞቷን ትመርጣለች።

ልጇ ሪማስ ክላይፔዳ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ከኛ መንደር እዚያ ድረስ በመኪና ግማሽ ቀን ይፈጃል። ገና ሲሆን ተረኛ ነው፣ ፋሲካ ሲሆን መኪናው ተበላሽቷል። መስከረም ላይ ድንች ሲወጣ ግን ቀርቶ አያውቅም። በኛ አገር እናቱን ድንች ብቻዋን ያስቆፈረ ልጅ ስሙ አይነሳም።

ስቴፋም ይህን ስለምታውቅ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴትዮ፣ አንድ መንደር የሚቀልብ ድንች ትተክላለች። «ማን ሊበላው ነው?» ስላት «አንተን ምን አገባህ?» ትለኛለች። ወቅቱ ሲደርስ ትደውልና «ድንቹ ደርሷል» ትለዋለች፤ በቃ፣ ስልኩን ትዘጋለች። እሱም ይመጣል፤ ሁለት ቀን ቆፍሮ፣ በጭስ ያደረቀችለትን የአሳማ ሥጋ በልቶ፣ ጆንያውን ጭኖ ይሄዳል።

ዘንድሮ በነሐሴ ከብስክሌቷ ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰበረ። በዚያ ላይ መስከረም እንደገባ ሬዲዮው ሳምንት ሙሉ ዶፍ ይዘንባል አለ። ያን ዕለት እሷ ለምርመራ በአውቶብስ ወደ ከተማ ሄዳለች። እኔም ምስኪኗን ልርዳት ብዬ ትራክተሬን አስነሳሁ። እስክትመለስ ድረስ ማሳውን ሙልጭ አድርጌ አውጥቼ፣ ድንቹን ምድር ቤቷ ከትቼ፣ አጥሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳት። ምርቃት ነበር የጠበቅኩት።

«ምንድን ነው ያደረግከው፣ ዜኖናስ?»

«አወጣሁልሽ! አንዲት ፍሬ አልቀረችም!»

ማሳውን አየችው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ባሏን ስትቀብር ያላለቀሰች ሴት!

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለያድቪጋ ነገርኳት። «አንተ ግንዲላ!» አለችኝ። «ልጇን እኮ ነው ያስቀረህባት! አሁን በምን ትጥራው?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ያድቪጋ የሠራችውን አይብ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ስቴፋ አይቡን ዞር ብላም አላየችው።

«ደውልልኝ» አለችኝ።

ደወልኩና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ልወጣ ብነሳ «የት ልትሄድ? ጣጣውን ያመጣኸው አንተ አይደለህ!» ብላ አስቀረችኝ።

«እማዬ? ድንቹ ደረሰ?» አለ ሪማስ።

ስቴፋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ወይ ፈጣሪዬ፣ እኔ ልበልላት እንዴ ብዬ ነበር።

«መቼ ትመጣለህ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ድንቹስ?»

«ዜኖናስ አውጥቶታል። ሁሉንም።»

«ታዲያ ምን ልሠራ ልምጣ?» አለ። ክፋት የለበትም፣ ግራ ገብቶት ነው። እኔ ግን ስልኩን በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ።

«እኔ አለሁ አይደል» አለች ስቴፋ።

ከሪማስ ኋላ የወደቡ መኪኖች ሲያጓሩ ይሰማል።

«እማዬ» አለ፣ ድምፁ ተለውጧል። «እኔ እኮ ድንች ከሌለ የምትፈልጊኝ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ‹ና› ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተስ ‹ልምጣ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።» አፍንጫውን ሳብ አደረገ። «እሺ፣ መቼ ልምጣ?»

«ጠያቂዋ እኔ ነኝ! መልስ እንጂ!»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ይሆናል» አለች ኮስተር ብላ። ስልኩ ሲዘጋ ግን በጤነኛ እጇ አይቡን ወደ ራሷ ሳበችው። እኔማ፣ ምን እደብቃለሁ፣ አነባሁ።

ቅዳሜ ያለው ሰው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። ስቴፋ በሩ ላይ ቆማ ምን እንደምታደርገው ጨነቃት። እሱም ባዶ እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ግቢውን ቃኘ።

«ምን ልሥራ?» አላት።

«ቁጭ በል» አለችው።