ሦስቱን ልጆች ከሞያሌ ስናመጣ

መንጃ ፈቃድ አውጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን የጀመርኩት ነጌሌ ውስጥ፣ በኦቦ ሁሴን የጭነት መኪና ነው። ኦቦ ሁሴን ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ ስኳር፣ ጨው፣ አቡጀዲና ፋኖስ ይሸጣሉ። መኪናዋ አሮጌ የጣሊያን ሥሪት ናት። ዳገት ላይ ውኃዋ ይፈላል፤ ማርሽ ስትቀይር ታጓራለች። ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር ባሌስትራ ሰብሮ ስለተባረረ ቁልፉን የሰጡኝ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ነበር።

«እስከ ክብረ መንግሥት ጨው ይዘህ ትሄዳለህ» አሉኝ። «ባለቤቴም ዘመድ ልትጠይቅ ስለሆነ ጋቢና ትቀመጣለች።»

ባለቤታቸው አዴ ሎኮ ይባላሉ። ቀጠን ያሉ፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም የፈሩ መስሎኝ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ፍሬን ረገጥ እያደረግሁ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ስንመለስ ለባላቸው በኦሮምኛ ሲናገሩ ሰማሁ። አባቴ ከሸዋ የመጣ ፖሊስ ቢሆንም እኔ ነጌሌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ቋንቋው የአፌ ነው።

«ጭንቅላቴ ጣራ አልነካም» አሉ። «ይቆይ።»

በዚህ ተቀጠርኩ።

ሥራውን ያስተማረኝ ረዳቴ ቦሩ ነው። ረዳት ይባል እንጂ በዕድሜም በልምድም ይበልጠኛል። ከነጌሌ እስከ ሞያሌ ያለውን መንገድ እንደ ግቢው ያውቀዋል። ዳዋ ወንዝ ስንደርስ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዱላውን እየተከለ ከፊት ይገባል። ውኃው ጉልበቱን ካለፈ እጁን ያነሳል፤ እኔ ሞተር አጠፋለሁ። ተጨቃጭቀን አናውቅም፤ ቦሩ እጁን ካነሳ አነሳ ነው።

ኦቦ ሁሴንና አዴ ሎኮ ልጅ አልነበራቸውም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ፊታቸው ግን ማንም አያነሳውም። ድንበሩ ለሁለት በከፈላት በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ገልገሎ የሚባል የልብ ወዳጅ ነበራቸው። ያኔ ያንን ወገን ገና እንግሊዞች ያስተዳድሩት ነበር። ገልገሎ ነጋዴ ነው፤ ሞያሌ በሄድን ቁጥር ጭነታችንን የሚረከበን እሱ ነበር።

አንድ ጊዜ ስንደርስ ሌላ ሰው ተረከበን። ገልገሎ ወባ ይዞት ሞቷል። ሚስቱ የመጨረሻዋን ልጅ ስትወልድ ቀደም ብላ ሞታ ነበርና ሦስት ልጆች ያለ እናትና አባት ቀሩ። የወሰዳቸው የገልገሎ ታናሽ ወንድም ጉዮ ነው፤ እሱም የራሱ ልጆች ሞልተውታል።

መርዶውን ነጌሌ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ሁሴን የስኳሩ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። አዴ ሎኮ ከጓዳ ብቅ ብለው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጆቹ የት ናቸው?»

ጉዲፈቻ በቦረና አገር አዲስ ነገር አይደለም። የወሰድከው ልጅ ልጅህ ነው፤ ስምህን ይዞ ያድጋል፣ ማንም የሰው ልጅ ነው አይልህም። እነዚህ ግን በሌላ መንግሥት ስር ያሉ ልጆች ናቸው። ኦቦ ሁሴን በሽማግሌ ብቻ እንዲያልቅ አልፈለጉም። «ነገ አንዱ ተነስቶ የእኛ ናቸው ቢል ሎኮ ትሞትብኛለች» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛውም፣ በዚያ በኩል ያለው ሹም ልጆቹን መልቀቁን ያረጋግጥ፣ የሥጋ ዘመዳቸውም እዚህ መጥቶ ፊቴ ቆሞ ቃሉን ይስጥ አሉ።

ጉዮ እሺ አለ። የወዲያኛው ሹም ግን ዛሬ ነገ እያለ አጓተተው። በመካከሉ ዝናቡ መጣ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ደግሞ ተከፈተ። እኛ ጠበቅን። እኛ የምለው ነጌሌን ነው። መኪናዋ ከሞያሌ ስትመለስ ክላክስ ከሰሙ ጎረቤቶች ይወጡና ጋቢናውን ያያሉ። ባዶ ሲሆን «ገና ነው?» ይሉኛል። እኔም «ገና ነው» እላለሁ።

አዴ ሎኮ በዚያ ወቅት ሌላ ሰው ሆኑ። ያ ዝምታ የት እንደገባ አላውቅም።

«ተስፋዬ ኮ» አሉኝ አንድ ቀን፤ የእኔ ተስፋዬ ማለታቸው ነው፤ «ልብስ ላሰፋላቸው ነው። ቁመታቸውን ለክተህ አምጣልኝ።»

«በምን ልለካ አዴ?»

«መኪናው ላይ ገመድ የለም?»

የጭነት ገመድ ይዤ ጉዮ ግቢ ገባሁ። ትልቋ ሐሊማ አሥር ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ግድግዳ ተደግፋ እንደ ወታደር ቀጥ አለች። በቁመቷ ልክ ገመዱን ቋጠርኩ። ወንድሟ ጂሎ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ረጅም ሊሆንብኝ ሞከረ፤ ትከሻውን ጫን አድርጌ ቋጠርኩ። ትንሿ ሩቂያ የጉዮ ሚስት ዳርሚ ጀርባ ላይ ታዝላ ታየኛለች።

«ይህቺን አትለካ» አለች ዳርሚ። «ከራሴ ልጅ እኩል ጡቴን ጠብታ ያደገች ናት። ሁለቱን ይውሰዱ። እሷ የትም አትሄድም።»

ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

አዴ ሎኮ ገመዱን ዘርግተው አዩና «ሦስተኛውስ?» አሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። በማግስቱ ግን ልብስ ሰፊው ጋ ሄደው ሦስት ልብስ አዘዙ። ትንሿን ቀሚስ በግምት ነው ያሰፏት።

«ባትመጣም ይላክላታል» አሉ። «እህቷ ለብሳ እሷ ለምን ይቅርባት?»

ገመዱ መቃኑ ላይ ተንጠለጠለ። ልጅ ያድጋልና በሄድኩ ቁጥር እንደገና እንድለካ ያዙኛል። አዲሱ ቋጠሮ ከአሮጌው ከፍ ያለ እንደሆነ ጎረቤት ተጠርቶ ያያል፣ ይሳቃል፣ ቀሚሱ ይፈታና ጠርዙ ይለቀቃል። ለልጆቹም አንድ ክፍል ተለሰነ፣ አናጺ አልጋ ሠራ። ኦቦ ሁሴን እስከዚያ ድረስ ከሸቀጥ ዋጋ በቀር የጠየቁኝ ነገር አልነበረም። አሁን ሱቁን ለደንበኛ ትተው ይመጡና «ጂሎ ምን ይወዳል?» ይሉኛል።

«መኪና።»

«እንግዲያው ደህና ነው፤ መኪናስ አለን» ብለው እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

የወዲያኛው ሹም ፈቃድ የደረሰው ዳመናው እንደገና መቋጠር ሲጀምር ነው። አዴ ሎኮ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣቸዋለሁ አሉ። ኦቦ ሁሴን ቀሩ። «ያለ ገልገሎ ያን ቤት ማየት አልችልም» አሉኝ ጎማውን እየነካኩ። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

አዴ ሎኮ ከነጌሌ እስከ ሞያሌ አፋቸውን አልዘጉም። ሐሊማን የት እንደሚያስተኟት፣ ጂሎን የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስገቡት፣ ልጆቹ ወተቱን ትኩስ ይወዱ እንደሆነ፣ ሁሉንም አወሩልኝ። ሜጋ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ እንኳ ሻይ ቤቱ ላለው ሰው ሁሉ «ልጆቼን ላመጣ ነው» ይላሉ። አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ተነስቶ መረቃቸው።

ሞያሌ ጠዋት ላይ ለመነሳት ተዘጋጀን። ጉዮ ቃሉን ሊሰጥ አብሮን ስለሚሄድ ከቦሩ ጋር ጭነቱ ላይ ወጣ። ጂሎ ሳይጠሩት ጋቢና ገብቶ መሪውን ጨብጧል። ቦሩ በማኖቬላ አዙሮ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ሐሊማ አልወጣ አለች።

«ሩቂያስ?» አለች።

«ነግሬሽ የለ?» አለ ጉዮ ከላይ ሆኖ። «ነይ ውጪ፣ ሰዎቹን አታስጠብቂ።»

ልጅቷ ሄዳ ከፊተኛው ጎማ ስር ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

ጉዮ ሊወርድ ተነሳ። እኔ ሞተሩን አጠፋሁት። ያቺን መኪና ማስነሳት ምን ያህል ላብ እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ቦሩ ገላመጠኝ፤ ቢሆንም ማኖቬላውን መልሶ ከመቀመጫ ስር ከተተው።

አዴ ሎኮ ወረዱና ዳርሚ ፊት ቆሙ። ሩቂያ ጀርባዋ ላይ ናት።

«ከጀርባሽ ነጥቄ አልወስዳትም» አሉ አዴ ሎኮ። «እነዚህን ሁለቱን ግን ከእሷ ነጥዬ ልወስድ አልችልም። ያቺን ልጅ እያየሻት ነው። ወይ ሦስቱን ይዤ እሄዳለሁ፣ ወይ ጋቢናው ባዶውን ይመለሳል።»

«አንቺ ስንት ጊዜ ጠብቀሽ ባዶሽን ልትመለሺ?» አለች ዳርሚ።

«እመለሳለሁ።»

ይህን ያሉበት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያ ሁሉ ልብስ፣ ያ የተለሰነ ክፍል፣ ያ አናጺ የሠራው አልጋ፤ ሁሉን ትተው ሊመለሱ የምር ቆርጠው ነበር።

ዳርሚ ብዙ አሰበች። ሐሊማን አየች፣ ጂሎን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን አጠበቀች። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች። «የራሴን ልጆች እናቴ ጋ እተዋቸዋለሁ። ሩቂያ በደስታ ከቆየችልሽ ትቆይ፤ ካልሆነላት ግን ይዣት እመለሳለሁ። ያን ጊዜ እንዳትለምኚኝ።»

«አልለምንሽም» አሉ አዴ ሎኮ።

እንዲህ ሆነን ተነሳን። ጋቢናው ሁለት ሴቶችና ሦስት ልጆች ይዞ ማርሽ መቀየሪያው ጂሎ ጉልበት መሃል ገባ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር እጁን እጄ ላይ አድርጎ አብሮኝ ይቀይራል፤ ከሜጋ በኋላማ የቀየረው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ዳዋ ደርሰን ቦሩ ገባ፣ እጁን አነሳ። ሞልቷል። ወንዙ ዳር ሰፈርን። ዳርሚ ወንዙ ቀና መንገድ እንዳልሰጠን አይታ «ምልክት ነው» ማለት ጀመረች። ጉዮም ፊቱ ጠቆረ። አዴ ሎኮ ግን ደስታቸው አልቀነሰም። ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው የተሰፋውን ልብስ አወጡ። የሐሊማ ልኳ ሆነ። የጂሎ ሱሪ አጠረ፤ የመጨረሻውን ቋጠሮ ሳስር ቀጥ ብሎ አልቆመልኝም ነበርና። የሩቂያ ቀሚስ እስከ መሬት ወረደ። ልጅቷ ጠርዙን ስትረግጥ ወደቀች፣ ተነሳች፣ እንደገና ረግጣ ወደቀች፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ዳርሚ ላለመሳቅ ታግላ አልቻለችም። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠርዙን አጠፉት፤ አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ እየሰፉ።

ውኃው ሲጎድል ተሻገርን። ነጌሌ መግቢያ ላይ ክላክስ ስነፋ ገበያው ተነቅሎ ወጣ። «አካም፣ ናጋ» የሚለው ሰላምታ ከግራ ከቀኝ ይዘንባል። ኦቦ ሁሴን አዲስ ሽርጥ ታጥቀው በር ላይ ቆመዋል። ጂሎ ዘሎ ወርዶ «መኪናዋን እኔ ነኝ የነዳኋት» አላቸው። አቅፈው አነሱት፤ ገልገሎን ይመስል ነበርና እንባቸው መጣ።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ እስኪደርስ ዳርሚና ጉዮ ቆዩ። ሩቂያ መጀመሪያ ከዳርሚ ቀሚስ አትለይም ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሱቁን ለመደች። የኦቦ ሁሴንን ጣት ይዛ ስኳር ማስቆንጠር አመሏ ሆነ። ሲደክማት አንዴ አዴ ሎኮ ጭን ላይ፣ አንዴ ዳርሚ ጭን ላይ ታንቀላፋለች።

በቀጠሮው ቀን እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር። ዳኛው ሐሊማን በአስተርጓሚ ጠየቋት፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ? «ሦስታችንም ከሆንን አዎ» አለች። ጉዮ ቃሉን ሰጠ። ዳኛው ወደ ዳርሚ ዞሩ።

«አንቺስ ሰጥተሻል?»

አዴ ሎኮ መሬት መሬት ያያሉ፤ ቃላቸው ነውና አልለመኑም።

«ሰጠሁ አልልም» አለች ዳርሚ በመጨረሻ። «አካፈልኩ በሉልኝ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ «ይሄ እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው ፈገግ አሉ። «ተስማምታለች ብለህ ጻፍ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መስማት የሚፈልግ ምን ልንገረው? በግ ታረደ፣ ጎረቤት በላ። ዳርሚንና ጉዮን ወደ ሞያሌ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ስንነሳ ሩቂያ እየሳቀች እጇን አወዛወዘች፤ ዳርሚ እስከ ሜጋ አለቀሰች። ሜጋ ሻይ አስመጣሁላት። ጠጥታ ስትጨርስ «ትምህርት ሲዘጋ አንተ ታመጣልኛለህ» አለችኝ። እንደ ትእዛዝ ነው የተናገረችው። ሩቂያን ትምህርት በተዘጋ ቁጥር አደርስላት ነበር፤ ድንበሩ ተዘግቶ በቆየባቸው ጊዜያት ብቻ ነው ያልወሰድኳት። ሐሊማ አስተማሪ ሆነች። ጂሎ ሱቁን ወረሰ፤ መኪና መንዳት ግን አልተሳካለትም፣ ሁለቴ አጥር አፍርሷል።

እኔ መሪ ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። ዛሬ የምትነዱ ልጆች መኪናችሁ በቁልፍ ይነሳል፣ መንገዱም ተሻሽሏል፣ ቶሎ ቶሎ ትሄዳላችሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ። ተሳፋሪ ሁሉ ከኋላው የሚተወው ሰው አለ። ያ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ሞተር አታስነሱ፤ ካስነሳችሁም አጥፉት።