የእህቴ ሙሾ

ታላቅ እህቴ ሞጣ ውስጥ ሙሾ በማውረድ የታወቀች ናት። እሷ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ እሷ ካልመጣች ለቅሶው አይደምቅም ይባላል። እኔ የምኖረው ቢቸና ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ ስትሞት እህቴ ከሞጣ ድረስ መጥታ አለቀሰችላት። ባትመጣ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ የታመመችው ክረምት ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ መድኃኒት ሰጡን፣ ትኩሳቱም በረደላት። እንዲያውም ሾርባ ጠጥታ በድመቷ ስትስቅ ነበር። ማታ እህቴ ደውላ እንዴት እንደሆነች ስትጠይቀኝ «ደህና ናት፣ ነገ ደግሞ ወስጄ አሳያታለሁ» አልኳት። ልጄ ለነገ አልደረሰችም። በማግስቱ እህቴ ድንኳኑ መሃል ቆማ፣ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

ሐኪሙ ጎረቤት፣ መንገዱ አጭር ነው፣
ልጄን የገደላት የእናቷ ነገ ነው።

ሴቶቹ እየተቀበሉ አለቀሱ። ግጥሙ ያምራል፤ የቋንቋ አስተማሪ ነኝና ሲያምር አውቃለሁ። የሚያናድደኝም ማማሩ ነው። ባያምር ኖሮ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ይቀር ነበር። ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ቀብር ላይ ከማላውቃት ሴት አፍ ሰማሁት፤ ግጥሙ ውስጥ ያለችው እናት አጠገቧ እንደቆመች አታውቅም። ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ የእህቴን ስልክ አላነሳም። የንስሐ አባቴ «ይቅር በያት ልጄ፤ አለዚያ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሚ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል። እደግማለሁ። ይቅርታው ጋ ስደርስ ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እግዚአብሔር እንዳይሰማኝ ይመስል።

በዚህ መሃል አባታችን እህቴ ቤት ታመው ተኙ። ዕድሜያቸውም ገፍቷል፣ ሕመሙም የሚመለስ አልነበረም። የእሳቸው ንስሐ አባት የሆኑት ቄስ እንዲቆርቡ ሲመክሯቸው «ሁለቱ ልጆቼ ተኳርፈው እኔ አልቆርብም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት ለሚጠይቀኝ መልሱ ይኸው ነው። ያን ሰሞን በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋ ነበር። በተከፈተበት ቀን ሚኒባስ አግኝቼ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ «መንገድ የለም፣ ተመለሱ» የሚል ሰው እንዲመጣ ስመኝ ነበር። ማንም አልመጣም።

ስደርስ ቄሱና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አባታችን አልጋ አጠገብ ተቀምጠዋል። እህቴ እንደ ይቅርታ ለማኝ ወግ የወፍጮ መጅ ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ከጓዳ ወጣችና እግሬ ሥር ተንበረከከች። ጸጉሯ ሸብቷል። ሳላያት የሸበተ ጸጉር ነው።

«ለልጅሽ አርባ ሳልመጣ ቀርቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ» አለች።

ቀጥሎ ሙሾውን ታነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ለአርባዋ መቅረቷን እኔ እንኳን ረስቼው ነበር።

«እታለም፣ ይኸ ብቻ ነው?» አልኳት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈጠን ብለው «ልጄ፣ ነገር አይመዘዝም። አንሺላት» አሉኝ። አባታችን አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው አፍ አፌን ያዩኛል። በዚያ ዓይን ፊት ምን ይባላል? የሆዴን ብናገር ሳይቆርቡ ሊሞቱብኝ ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩና መጁን አነሳሁላት። ተሳሳምን፣ ተመረቅን። አባታችን አለቀሱ። እኔ ከመቼውም ይልቅ ተናድጄ ነበር። ለስሙ ታርቀናል፤ ያቃጠለኝ ነገር ግን እንዳለ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከእንግዲህም ማንሳት አልችልም።

አባታችን በእሁዱ ቅዳሴ በቃሬዛ ተወስደው ቆረቡ። ሲመለሱ ሁለታችንንም በየስማችን ጠርተው፣ ግራና ቀኝ አስቀምጠው እጃችንን ያዙ። ሳምንቱ ሳይሞላ ዐረፉ።

ሬሳው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው እህቴን ጠበቁ። ለሞጣ ሰው ሁሉ ያለቀሰች ሴት ለገዛ አባቷ ምን እንደምትል ለመስማት የጓጉ ይመስለኛል። መሃል ገብታ እጇን አነሳች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እጇን መልሳ አወረደች።

«ኧረ አባትሽ ናቸው፣ ምን ነካሽ?» አሏት አንዲት አሮጊት።

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ያ ግጥም ምን እንዳደረገኝ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቃለች፤ መጁን ተሸክማ ስትንበረከክም ታውቅ ነበር፣ ለመናገር ነው ያቃታት። አሁን ደግሞ እኔ ፊት አፏን ፈርታዋለች።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። «አልቅሺላቸው፣ እታለም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ። በሽማግሌ ፊት ያን ትልቅ ቃል ያለ ችግር የተናገረ አፍ ይችን እምቢ አለኝ። ሞከርኩ፣ በእውነት ሞከርኩ። እጇን ያዝኩት፤ እሷም አጥብቃ ያዘችኝ። ቄሶቹ ጸሎታቸውን ጀመሩ፣ ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሱ፣ አባታችንም ከልጃቸው አንድ ስንኝ ሳይሰሙ ተቀበሩ።