ዓይኔን ጨፍኜ ያየሁት ቴአትር

ሆሳዕና ኮሌጅ ገብቼ ከወሰድኳቸው ኮርሶች ሁሉ ያስፈራኝ ሥዕልን፣ ሙዚቃንና ቴአትርን ማድነቅ የሚያስተምረው ነበር። ሒሳብ ቢከብድም መልስ አለው። ሥዕል ፊት አቁመውኝ "ምን ታያለሽ?" ሲሉኝ ግን መልሱ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ አላውቅም። ያደግኩት ሺንሺቾ ነው። አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ቤተሰባችን ፕሮቴስታንት ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በቀር መድረክ ላይ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳዩኝን ነገር ሁሉ አመሰገንኩ። መምህራችን የመጀመሪያውን ጽሑፌን ሲመልሱልኝ ግርጌው ላይ በቀይ "በአንድ ገጽ ስድስት ጊዜ 'ድንቅ ነው' ብለሻል። ምኑ?" ብለው ጽፈውበታል። በሁለተኛው ጽሑፍ ወደ ሁለት ዝቅ አደረግኩት።

ከዚያ ቴአትሩ መጣ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኮሌጁ አዳራሽ እንደሚያሳዩ፣ እኛም አይተን ዓርብ ሁለት ገጽ እንድናስረክብ ተነገረን። የኮርሱ ግማሽ ውጤት በዚህ ይያዛል። ኮርሱን የወደቀ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲስ ገቢዎች ጋር ቁጭ ብሎ ይደግማል። ከቤታችን ኮሌጅ የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ አባቴም በየሳምንቱ እየደወለ የሚጠይቀኝ ስለ ጤናዬ ሳይሆን ስለ ውጤቴ ነው። መድገም የሚባለውን ነገር በምን አፌ እንደምነግረው አላውቅም ነበር።

የቴአትሩ ታሪክ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ሩቅ ከተማ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። አባቷ ሞቷል፤ ሁለት አጎቶቿ "ብቻዋን የትም አትሄድም" ብለው ወስነዋል። እናትየዋ ቆጮና ጎመን ታቀርባለች፤ ሁሉም ገበታ ይቀመጣሉ። ትልቁ አጎት እናትየዋን "በይ ጸልዪና እንብላ" ይላታል።

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ የጠረጴዛውን ልብስ ቀለም ሳይቀር። እናትየዋ "ጌታ ሆይ" ስትል እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። አስቤበት አይደለም። በእኛ ቤት "ጌታ ሆይ" ከተባለ ማንኪያ ያነሳ ማንኪያውን ይመልሳል፣ ዓይን ይጨፈናል። ጸሎቱ ረዘመብኝ። አለቀ ስል እንደገና ጀመረች። ሆድ የባሳት ሴት ናት ብዬ ታገስኩ። በመጨረሻ "አሜን" ስትል ግማሹ አዳራሽ አብሯት "አሜን" አለ፤ ዓይኔን ገለጥኩ። የልጅቷ ወንበር ባዶ ነው። አጎቶቹ ይጮሃሉ፣ እናትየዋ ቆጮውን ትቆርሳለች፣ መጋረጃው ተዘጋ።

አጠገቤ የተቀመጠውን የክፍላችንን ልጅ በክርኔ ነካሁት።

"ልጅቷ የት ሄደች?"

"እኔም እንጃ! አሜን ብዬ ቀና ስል የለችም።"

እሱም እንደኔው ያደገ የአንጋጫ ልጅ ነው። ሁለታችን ተያየን። ሌላ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን አለማወቄ እንዲታወቅብኝ አልፈለግኩም። ዶርም ገብቼ ረጅም ጊዜ አሰብኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የባዶው ወንበር ትዕይንት የንጥቀት ምሳሌ ነው። ጻድቋ ልጅ ወደ ሰማይ ስትነጠቅ አጎቶቿ በምድር ላይ ቀርተዋል።" በሕይወቴ እንዲህ የኮራሁበት ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

ሰኞ ዕለት መምህራችን ያን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው ሳይናገሩ ለክፍሉ አነበቡት። ሳቁ እስከ ካፌው ድረስ የተሰማ መሰለኝ። የዶርም ጓደኛዬ፣ የሞርሲቶ ልጅ፣ ዴስኩን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከክፍል ስንወጣ ጆሮዬ መቅላቱን አይታ ነቃች።

"አንቺ ነሽ? በስመአብ! በበሩ ነው'ኮ የወጣችው! ቦርሳዋን ይዛ፣ በእግር ጣቷ እየሄደች!"

"ጸሎት ላይ ነበርኩ።"

"እናንተ ደግሞ ጸሎት ከተባለ መጋረጃ ነው የምታወርዱት። እኛ ካቶሊኮቹ አማትበን ወጡን እያየን እንጠብቃለን።"

መምህራችን ቢሯቸው አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ያላየሽውን ነው የጻፍሽው" አሉኝ። "ዜሮ ሰጥቼሽ ማለፍ እችላለሁ። ግን ቅዳሜ ደግመው ያሳያሉ። ተመልክተሽ በሚቀጥለው ሰኞ ክፍል ፊት ቆመሽ ያየሽውን ትነግሪናለሽ። ያየሽውን ብቻ። ካልሆነ ኮርሱ ላይ በሚቀጥለው ዓመት እንገናኛለን።"

"እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ" አልኩ። በሩ ጋ ደርሼም ደገምኩት።

ቅዳሜ ጓደኛዬ ልትጠብቀኝ አብራኝ መጣች። "ከጨፈንሽ እቆነጥጥሻለሁ" አለችኝ፤ ቃሏንም ጠበቀች። እናትየዋ "ጌታ ሆይ" ስትል ዓይኔ ራሱ ወረደ፤ ክንዴ ላይ ተቆነጠጥኩ። ገለጥኩት፣ ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ ተቆነጠጥኩ። ሦስተኛው ላይ ያዝኩት። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ማየት፣ ልብሱን የሚቀይር ሰው በመስኮት እንደማየት አሳፈረኝ።

ልጅቷ ተነሳች። ከወንበሯ ሥር ቦርሳዋን አወጣች፣ በአጎቶቿ ጀርባ አልፋ በሩ ጋ ደረሰች። ይህን ዓይኑን ያልጨፈነ ሁሉ ያየው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ድምፁ ነበር። ጸሎት በከምባትኛም ይሁን በአማርኛ መውጫው ላይ ሲደርስ አውቀዋለሁ። ድምፅ ይወርዳል፣ ቃል ይዘገያል፣ የራበው ሰው ወንበሩ ላይ ይነቃነቃል። እናትየዋ እዚያ ደርሳለች፤ ትልቁ አጎት መነቃነቅ ጀምሯል። ልክ ያኔ የበሩ መቀርቀሪያ ተያዘና ሲጥ አለ።

"ደግሞም ጌታ ሆይ!" አለች እናትየዋ፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ።

ለላሟ ጸለየች። ለጎረቤቷ ጉልበት ጸለየች። መንገድ ላይ ላሉ ሁሉ ጸለየች። መቀርቀሪያው ተላቀቀ፣ ልጅቷ ወጣች፣ በሩ ተመለሰ። ድምፅዋ ወረደ። አሜን።

ረቡዕ ዕለት ዓይኔን ጨፍኜ የተሰላቸሁበት ነገር ይኸው ነበር። ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሰማሁ ነው ያላወቅኩት።

"እናትየዋ ታውቃለች" አልኳት ጓደኛዬን እንደወጣን።

"ምኑን?"

"ልጅቷ እየወጣች መሆኑን። ያስረዘመችው ለሷ ብላ ነው።"

"ባክሽ! ዓይኗን ጨፍና?"

"ጆሮዋንስ?"

ጓደኛዬ መንገዱ መሐል ቆመች። "ሁለቴ አይቼ..." አለችና ወደ አዳራሹ ዞራ አየች።

ሰኞ ክፍል ፊት ቆምኩ። "ድንቅ" የሚለውን ቃል አንዴም አልተጠቀምኩም። የሰማሁትንና ያየሁትን በቅደም ተከተል ተናገርኩ፤ ድምፁ የት እንደወረደ፣ አጎትየው መቼ እንደተነቃነቀ፣ መቀርቀሪያው መቼ ሲጥ እንዳለ። ስጨርስ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን ሳያወጣ ተናገረ።

"መቀርቀሪያው ተበላሽቶ ነው እንጂ! አልከፈት ሲል ተዋናይዋ ምን ታድርግ?"

ክፍሉ አጉረመረመ። መምህራችን ከኋላ ወንበር ተነሱ።

"ቴአትሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ በጻፍኩት እናትየዋ ምንም አታውቅም። ጸሎቱም አራት መስመር ነው፤ ሲረዝም እኔም በሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነበር።"

ዝም ብዬ ልቀመጥ እችል ነበር፤ "ይቅርታ ቲቸር" ማለትም ለምዶብኛል። ነገር ግን ያየሁትን ብቻ እንድናገር ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።

"እኔ ያየሁት ግን ታውቃለች፣ ቲቸር" አልኩ።

ትንሽ አዩኝና ወጡ። እናትየዋን ሆና የተጫወተችውን ተማሪ ከጎረቤት ክፍል ይዘዋት ተመለሱ። ተዋናይዋ ያጠፋች መስሏት ግድግዳው ጥግ ቆመች።

"ጸሎቱን ለምን ታስረዝሚዋለሽ?" አሏት።

"አይ ቲቸር... ልምምድ ላይ መቀርቀሪያው እውነትም ተይዞ ነበር። ዝም ከምል ብዬ ቀጠልኩ። እየቀጠልኩ ግን 'ይቺ እናት ታውቃለች' የሚል ነገር መጣብኝ። ከዚያ በኋላ ልጄን ሆና የምትጫወተዋን፣ መቀርቀሪያው ቢሠራም ቀስ ብለሽ ክፈቺው አልኳት። ድርሰቴን ነካሽ እንዳይሉኝ ነው ያልነገርኩዎት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ማንም አላወቀብኝም ነበር'ኮ!"

ክፍሉ ፈነዳ። የአንጋጫው ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ አጨበጨበ፤ ጓደኛዬ እልል አለች። መምህራችን የውጤት መዝገባቸውን ገልጠው ስሜ አጠገብ ጻፉና፣ ሁሉም እንዲሰማ "ሙሉ" አሉ።

እኔ ልቀመጥ ስል "የት? ገና ነን" ብለው አስቆሙኝ። ከቦርሳቸው የቴአትሩን ጽሑፍ አወጡ፤ አራቱን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዙ። "እኔ በዚህ ጸሎት አላደግኩም። ንገሩኝ፤ 'ደግሞም ጌታ ሆይ' ካለች በኋላ ምን ትላለች?"

ከየአቅጣጫው ጩኸት ሆነ። "ለእንሰቱ!" "ለወረዳ አመራሮች!" "ለታመሙት በየስማቸው!"

"ለእመቤታችንም አንዲት ቃል" አለች ጓደኛዬ።

"እሱን ከጨመርሽማ ልጅቷ አዲስ አበባ ትደርሳለች!" አለ የአንጋጫው ልጅ።

መምህራችን እየሳቁ ይጽፋሉ፣ እጃቸው አልደርስ ብሏል። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "አንቺስ? ምን ቀረ?"

"ምስጋና" አልኩ። "ስለ ዝናቡ። እኛ ጋ ያለ ምስጋና ማንም አሜን አይልም።"

"ስለ... ዝናቡ" አሉ እየጻፉ። "እሺ፣ ቀጥዪ።"