አያ ታከለ የጠየቁኝ ጥያቄ

ዘንድሮም ደብረ ታቦር ላይ ግንቦት ዋሸን። አንድ ከሰዓት ዶፉን አወረደና ሰማዩ ተመልሶ ጠራ። ሳምንት ቆይቶ ጎረቤቴ ለአጥር ያስቆለለውን ድንጋይ ሊያነሳ እጁን ሲሰድ አየሁና ከበረንዳዬ ጮህኩበት።

"ምነው መምህርት፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብዎ?" ብሎ ሳቀ።

የተነደፍኩትስ እኔ አልነበርኩም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከይፋግ ወረድ ብላ ባለች ሞቃት ቀበሌ ነበር፤ ገና ሀያ ሁለት ዓመቴ። ያን ዓመት ዝናቡ ዘገየ። መንገዱ ዱቄት ሆነ፣ የምንቆረጥመው ቆሎ እንኳ አቧራ አቧራ ይል ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ ስለ በረሃ እባብ አስተማርኩ። ድርቅ ሲጠና ጉድጓድ ገብቶ፣ በሰውነቱ ያለችውን ውሃ ቆጥቦ ለወራት ሳይበላ ይቆያል፤ ካፊያ ሲመጣ ወጥቶ ይጠቀለልና በገዛ ቆዳው ላይ ያረፈችውን ጠብታ ይጠጣል አልኳቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

የአንዷ ተማሪዬ አባት አያ ታከለ ይህን ከልጃቸው ሰሙ። ማሳቸው ዳር የፈረሰ ካብ ነበር፤ ድንጋዩን አንስተው ጤፍ ሊዘሩበት ቋምጠዋል። በዚያ አገር ግን ክረምቱ ሳይጸና ድንጋይ አይነሳም፤ እፉኝት ይተኛበታል ይላሉ። እኔ በዚህ ልማድ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ስቄበታለሁ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ካፍቶ ቆመ። በሳምንቱ አያ ታከለ በኩታቸው ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ቋጥረውልኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

"መምህርት፣ ዝናብ ብሎ የወጣው እባብ መቼም መሬቱ ደረቀበት። ተመልሶ ጉድጓዱ ገብቷል? ድንጋዩን ላንሳ?"

መጽሐፌ ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረውም። የአንድ ቀን ዝናብ ያወጣው እባብ መሬቱ ሲደርቅ የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ሞት መሰለኝ። የተማርኩ ነኛ!

"ገብቷል፤ ውጭ ምን ይሠራል?" አልኳቸው።

አልገባም ነበር። ከላይኛው ድንጋይ ሥር ጥላ ይዞ ተኝቷል። ድንጋዩን ሊያነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸውን ነደፋቸው። በቃሬዛ መኪና መንገድ እስኪያደርሷቸው ክንዳቸው አብጦ ጠቁሯል። ነፍሳቸው ተረፈች፣ እጃቸው ተቆረጠ። ገበሬ በአንድ እጁ እርፍ፣ በአንድ እጁ ጅራፍ ነው የሚይዘው። አያ ታከለ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡና ሌላ ሰው ሲያርሰው ከዳር ተቀምጠው ያዩ ጀመር። ልጃቸውም ከትምህርት ቀረች።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

"አንቺ ምን አደረግሽ፣ የኔ ልጅ? መጽሐፉ ነው የሳተው" አሉኝ።

መጽሐፉ አልሳተም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ፈራሁ፤ የቀረበልኝን ጠላ ጠጥቼ ወጣሁ። በዓመቱ ተዛውሬ ደብረ ታቦር ገባሁ። ማረፋቸውን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ያን ቅጥፈቴን ይዤው አረጀሁ።

ጎረቤቴ አሁንም ድንጋዩ ላይ እንዳጎነበሰ ነው።

"እውነት እባብ ይኖርበት ይሆን?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት።

እጁን ሰበሰበና ዱላ ሊያመጣ ገባ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።