በገበያ መሃል የታጠበ እግር

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ተወልጄ ያደግሁ ነርስ ነኝ። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የቤተ ክርስቲያናችን የልማት ክፍል ቀጠረኝና ዝሆኔ የያዛቸውን ሰዎች እንዳክም ሊሙ ገነት ላከኝ። በሽታው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲሠራ የኖረን ሰው እግር ያሳብጣል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ብናገርም የሚያምነኝ አልነበረም። እርግማን ነው ይላሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ በሽተኛው ካለበት አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ የለም።

አንድ ጠዋት፣ ቡና በመልቀም ልጆቻቸውን ያሳደጉ ባልቴት መጡ። እግራቸው እንዳይታይ ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል። ከበሩ አላለፉም።

"የቤተ ክርስቲያን ነው አሉኝ። ሙስሊምም ታክማላችሁ?"

"ይግቡ እንጂ እናቴ!"

ሳፋው ውስጥ ጥቂት በረኪና ጠብ አድርጌ እግራቸውን ዘፈዘፍኩት። በሳሙና ሳጥባቸው ማልቀስ ጀመሩ።

"አሞዎት ነው?"

"አይደለም። ሴት ልጄን ልድር ነው። የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ሠርጉ ላይ እንዳልታይ ላኩብኝ። በእንግዳ ፊት ታዋርደናለች አሉ።"

"ምን መለሱላቸው?"

"ምን እላለሁ? እግሬን ይዤ ወዳንቺ መጣሁ።"

ከዚያ ወዲህ ሳያቋርጡ ተመላለሱ። ቁስሉ ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ፣ እብጠቱም ቀነሰ። ጅማ ያለ ጫማ ሰፊ በልካቸው ጫማ ሠራላቸው። ያን ጫማ ባጠለቁ ዕለት፣ "ልጄ፣ በገበያ ቀን ገበያ መሃል እጠቢኝ" አሉ።

"ሰው እያየ?"

"እንዲያይ ነዋ! ከመጋረጃ ኋላ ስትደብቂኝ እኮ፣ እውነትም የሚደበቅ ነገር ያለብኝ ይመስላል።"

ጅማ ላለው ኃላፊዬ ደወልኩ። "የታካሚ ክብር አለ፤ አይሆንም" አለኝ። "ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሙስሊሟን ሴት አደባባይ አወጣች ቢባል ነገር ይመጣብናል።"

"ክብሩ የሳቸው ነው፤ የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው" አልኩት።

በገበያው ቀን ሳፋና ጀሪካን ይዘን ወጣን። ቡና ገዢዎቹ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀመጡና ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አደረጉ። ወዲያው ሰው ከበበን። አንዷ አፍንጫዋን በሻሿ ያዘች። ከኋላ አንድ ሰው፣ "ልጅቷ አበደች እንዴ? ይይዝሻል!" አለ። ንዴት መጣብኝ። ጓንቴን አወለቅኩና በባዶ እጄ በጣቶቻቸው መሃል ማጠብ ጀመርኩ።

"ኢላላ!" አሉ ባልቴቷ በኦሮምኛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "እዩ! ቡናችሁን ስለቅም የኖርኩበት እግር ነው። ቡናውን ስትጠጡ ተጸይፋችሁ ታውቃላችሁ?"

ያጨበጨበልን የለም። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ዕቃችንን ስንሰበስብ ግን አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ጠጋ ብሎ ሱሪውን ሰበሰበና፣ "የኔንም እይልኝ እስቲ" አለኝ። እዚያው አጠብኩት።

ኃላፊዬ ወሬው ደርሶት ተቆጣኝ፤ ሁለተኛ ብደግመው ከሥራ እንደሚያግደኝ ነገረኝ። በሚቀጥለው ገበያ ደገምኩት። አላገደኝም። ከሊሙ ገነት ዙሪያ የሚመጡ በሽተኞች በራችንን ሲያጣብቡ ምን ብሎ ያግደኝ?

ለሠርጉ ባልቴቷ እኔንም ጠሩኝ። አዲሱን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው። ከልጁ ወገን ሁለት ሴቶች ተያዩና ከጎናችን ተነሡ። ፊቴ በንዴት ጋለ። እሳቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ጠጋ በይ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ቦታው ሰፋልን" አሉኝ።

ሙሽራዋ መጣችና የእናቷን ጉልበት ሳመች። ሙሽራው ቆም አለ። ወደ አክስቶቹ ዞሮ አየ፤ አንዷ ራሷን ነቀነቀችበት። እሱ ግን ጎንበስ አለና የአማቱን ጉልበት ሳመ። ባልቴቷ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁት፤ ምርቃታቸው ረጅም ነበር፣ አዳራሹም ጨርሰው እስኪለቁት ጠበቀ።