ጠያቂዎቹን የጠየቀው ወንድሜ

ባለፈው ሰሞን ሰበታ ላይ ከሥራ ስወጣ ሳር የጫነ መኪና አጠገቤ አለፈ። ሽታው ሱሉልታ ወሰደኝ። እዚያ ጥቅምት ሲጋመስ ሜዳው ሁሉ ይታጨዳል፤ ጠዋት ውርጩ ሲቀልጥ የሳሩ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ደህና የዋለበት የመጨረሻው ቀን በዚያ ወቅት ነበር። ደህና ስል፣ ሳንባው ላይ ካንሰር ከተገኘ ወራት አልፈው ነበር። ቢሆንም ለእኛ ተራ ቀን ነበር። ቁርሱን በላ፣ ከእናታችን ጋር ስለ ሹራብ ተከራከረ፣ ጫማውን ራሱ አሰረ።

ደረጀ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጎጃም መስመር ስለሚመላለስ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም ይተኛል። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ነኝ። ከሰላምታ ያለፈ ብዙ አናወራም ነበር። ሲታመም ግን ሆስፒታል ማመላለሱ የእኔ ሥራ ሆነ።

እዚያ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። «ተኝተህ አትዋል» አለችው። «በየቀኑ በእግርህ ሂድ።»

«እህቴ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ እንዴት ብዬ?»

«እያወራህ ሂድ። ማውራት ሲያቅትህ ቁም፣ ትንፋሽህ ሲመለስ ቀጥል። ካዞረህ ወይም ደረትህን ካመመህ ግን ተወውና ንገረን። ካንሰሩን ያጠፋዋል አልልህም። ጉልበትህ ካለቀ ግን ሕክምናውንም አትችለውም።»

በእኛ ሰፈር ግን በሽተኛ ይተኛል። ጋቢ ለብሶ፣ በሩ ተገርብቦ፣ ጠያቂ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞለት ይመጣል። ሳንባ ለታመመ ደግሞ ብርድ ጠላቱ ነው ይባላል። አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤታችን ጉዳይ ቃላቸው የሚሰማው ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። እሳቸው እናቴን «ልጅሽን ለነፋስ ልትሰጪው ነው?» ብለው ተቆጧት። በማግስቱ እናቴ የደረጀን ጫማ ደበቀችው።

ደረጀ አልተጣላትም። ትንሽ አሰበና «እማ፣ ሰው ልጠይቅ ነው የምወጣው» አላት። «እነሱ ስንቴ ጠየቁኝ፤ ጥየቃ የሚከለክል አለ?»

የለም። ጥየቃን የሚከለክል በእኛ ሰፈር የለም። እናቴ ጫማውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ ሰጠችው።

መጀመሪያ አጥር የምትጋራንን እትዬ ዘነበችን ጠየቃት። እሷ ደንግጣ የምታለብሰው ብርድ ልብስ ፈለገች። «አሁን የታመመው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለችው።

«ብርቱካኑ በዛብኝ፤ ልመልስልሽ ነው።»

ከዚያ ትንሽ ራቅ ያለ ቤት፣ ከዚያ ሌላ። መድኃኒት በወሰደ ሰሞን በራችን ላይ ደርሶ የሚመለስበት ቀን ነበር። ሲሻለው ደግሞ አስፋልቱ ድረስ እንሄዳለን። እየሄደ በመጣ ቁጥር ትንሽም ቢሆን ይበላል፤ ገላውን ያለ ሰው እርዳታ ይታጠባል። ይህ ለጤነኛ ምንም ላይመስል ይችላል። ለእሱ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

በመንገድ እናወራለን። ዝም ስል «አውራ እንጂ፣ ትንፋሼን በምን ልለካው?» ይለኛል። ዓባይ በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ከዝንጀሮ ጋር የዋለበትን ነገረኝ። ደጀን ላይ ሊያገባት ስላሰባት ልጅ ነገረኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቁጭ ያልኩ ጊዜ ነበር፤ ምን መሆን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። እስከዚያን ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያቺ ባለሙያ ለትንፋሹ ብላ ያዘዘችው ወሬ ለእኔ ወንድም ሰጠኝ። አሁንም አመሰግናታለሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ግን አላውቅም።

በዚያ የመጨረሻ ቀን ዳገቱ ላይ ወዳለው ወደ ኦቦ ቶሎሳ ቤት ወጣን። ከዚያ በፊት ሞክረን መሐል መንገድ ላይ ተመልሰን ነበር። ብዙ ጊዜ ቆምን። ደረስን። ሽማግሌው በመንሽ ሳር ይከምራሉ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቶሎሳ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው ደረጀ፣ የአጥሩን በር ተደግፎ።

«በሽተኛ ሲጠየቅ እንጂ ሲጠይቅ አላየሁም» አሉ።

«ጉልበትዎን አሞዎታል ሲሉ ሰምቼ ነው። ይተኙ እንጂ፤ ምነው ብርድ ላይ ቆሙ?»

ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መንሹን ጣሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ትኩስ ወተትና የገብስ ቆሎ አስመጡ። ምግብ ሲሸተው የሚዘጋው ወንድሜ ወተቱን እስከ ታች ጠጣው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ በድንገት አጠረው። ሆስፒታል አደረስነው፤ ግን አልቆየም። ሐኪሙ የረጋ ደም ሳንባውን ዘግቶት ነው፣ በሽታው የሚያመጣው ነገር ነው፣ መንገዱ አይደለም አለን። ሰፈሩ ግን ሐኪሙን አልሰማም። ድንኳኑ ሳይተከል «ያ ዳገት ነው የጨረሰው» የሚል ወሬ እናቴ ጆሮ ገባ። እናቴ ማልቀስ ተወች። «ጫማውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብቻ ትላለች። ሐኪሙ ያለውን ብነግራትም አልሰማችኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም እየተባልኩ፣ ወጣሁ። ዳገቱን ወጥቼ ኦቦ ቶሎሳን «እማ ራሷን እየወቀሰች ነው፤ አንቱ ካልነገሯት ማንንም አትሰማም» አልኳቸው። ከዘራቸውን አነሱ። ጉልበታቸው ብሶባቸው ስለነበር ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ወረድን።

ቤት እንደገባን እናቴ ፊት ተቀመጡ። «ልጅሽ በገዛ እግሩ ቤቴ መጥቶ ጠየቀኝ» አሏት፣ ሁሉም እየሰማ። «ለነፋስ ልትሰጪው ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነበር። ጫማውን ባትሰጪው ያን ቀን አላየውም ነበር።»

እናቴ ቀና አለች። «ምን ብሎ ጠየቀዎት?»

«ይተኙ እንጂ አለኝ።»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «መንገድ ላይስ ምን ትባባሉ ነበር?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ እኔ ሳላቋርጥ ነገርኳት። መጀመሪያ የነገርኳት በጎጃም መንገድ በየምግብ ቤቱ ሽሮ እያዘዘ፣ የእሷን የሚመስል አንድም ቀን እንዳላገኘ ነው።